ጩኸቴን የቀጠሩት ሲስተር ጥሩወርቅ

ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ማንም እንዳይነግረኝ። ሲስተር ጥሩወርቅ በተቀበሩ በማግስቱ ግን ድንኳኑ ውስጥ አንድ አግዳሚ ሙሉ ነርሶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ደፍነው ከሳቃቸው ጋር ሲታገሉ ነበር። ሰበቡ እኔ ነኝ። እኔና ሀያት።

ሀያት አሁን በሙያዋ የበቃች ነርስ ናት፤ ሲስተር ካሰለጠኗቸው ልጆች አንዷ። ንፍሮዬን ቅሜ፣ ሐዘንተኞቹን “እግዜር ያጥናችሁ” ብዬ ልወጣ ብድግ ስል እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘችና በጆሮዬ፣ “ጋሼ፣ አይሂዱብን! ሌላም አለን!” አለችኝ።

እኔ ሳቅ ብዙ አይቀናኝም። ባለቤቴ “ፊትህ የእሁድ ሱቅ ነው” ትለኛለች፤ ዝግ ነው ለማለት። ያን ቀን ግን አመለጠኝ። ከእኔ ወደ ሀያት፣ ከሀያት ወደ አግዳሚው ተጋባ። የእድሩ ዳኛ ከማዶ አፈጠጡብን።

“ምንድነው እሱ? ለቅሶ ነው ሰርግ?”

“ለቅሶ ነው” አልኳቸው። “ጥፋቱ የሟቿ ነው።”

እውነቴን ነው። ስለ ሌላ ሰው ብጽፍ ምሬት ነው የሚወጣኝ፤ መርካቶ ውስጥ ያረጀ ሰው ሌላ ምን ይወጣዋል? ስለ እሳቸው ልጽፍ ብዕር ሳነሳ ግን ይሄው፣ ገና ከመጀመሬ ጥርሴ አልገጥም አለኝ።

እኔ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ደላላ ነኝ። ፍሪሲዮን የተቃጠለበት፣ ካምቢዮ አልገባ ያለው ሰው ፈልጎኝ ይመጣል፤ ከባለሱቁ ጋር አስማማለሁ፤ ከዚያ ሁለቱም ወገን ሰድበውኝ ይለያያሉ። ይህ ሥራ ሰውን ደግ አያደርግም። አራተኛው ልጃችን ከተወለደ በኋላ ባለቤቴ፣ “ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድና ስለ ቤተሰብ እቅድ ያስረዱን” አለችኝ። ሄድኩ። ወንድ እዚያ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ሴቶቹ እንደ ጠፋ በግ ነው የሚያዩት።

ተራችን ደርሶ ገባን። አንዲት ወጣት ነርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ የተለጠፈውን ሥዕል በስክሪብቶ እየነካች ታወርደው ጀመር። ሆርሞን አለች። ማህፀን አለች። ፐርሰንት አለች።

“እህቴ፣” አልኳት፣ “እኛ በዚህ በኩል ነን።”

“ጋሼ፣ አያቋርጡኝ። ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው።”

“መጨረሻው መቼ ነው?”

“ሲያልቅ።”

ፈላብኝ። “ሰው ነን እንጂ ልስን አይደለንም! ዞር ብለሽ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ ብትይን ምናለበት!” ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለ ሕፃን ሁሉ አለቀሰ። ነርሷም አለቀሰች። ባለቤቴ መሬት ብትከፈትላት በደስታ ትገባ ነበር። ጥበቃው መጥቶ ክንዴን ሲይዝ የጎን በር ተከፈተና አጠር ያሉ መነጽራም ሴትዮ ነጭ ጋዋናቸውን እየቆለፉ ብቅ አሉ።

“ተወው! ተወው፣ እንዳትነካው!” አሉ ጥበቃውን፤ የሚሰበር ዕቃ የሆንኩ ይመስል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “ስምህ ማን ነው?”

“ዘለቀ።”

“ዘለቀ፣ አሁን የጮህከውን ሰኞ ጠዋት መጥተህ ትደግምልኛለህ?”

“ምን?”

“እንዳለ። ምንም ሳትቀንስ። እስከዚያው ግን ሁለታችሁም ግቡ፤ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?”

ያበዱ መሰለኝ። የመጣንበትን ጉዳይ ግን በደንብ አድርገው፣ እኔንም እሷንም እየጠየቁ ጨረሱልን። ስለዚህ ሰኞ ሄድኩ። ጩኸቴን ዝም የሚያሰኝ እንጂ የሚቀጥር ሰው ከዚያ በፊት አልገጠመኝም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሲስተር የነርሶች አሰልጣኝ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ስለ ስልጠናው ራሱ ጥናት ያጠኑ ነበር። “ልጆቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም” አሉኝ። “ያስተማርናቸው ግድግዳ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከግድግዳ ጋር ያወራሉ።” ሰልጣኞቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ወገን እንደ ድሮው በሌክቸር ይማራል። ሌላው ያንኑ ትምህርት በልምምድ ይማራል፤ እውነተኛ ባለጉዳይ ከማግኘቱ በፊት አስመሳይ ባለጉዳይ ያናግራል። በመጨረሻ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናሉ፤ ፈታኞቹ ማን ከየት እንደመጣ አያውቁም። የሌክቸሮቹም ልጆች ከፈተናው በኋላ በተራቸው ይለማመዳሉ፤ የልምምዱ ክፍል ከኖረ።

ክፍሉ ከኖረ የምለው ያለምክንያት አይደለም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ገና ሲጀመር ተናግሯል፤ ጥናቱ ልዩነት ካላሳየ የልምምድ ክፍሏ ዕቃ ግምጃ ቤት ትሆናለች። ሲስተር ጡረታቸው ደርሷል። ያቺ ክፍል ከእሳቸው በኋላ እንድትቀጥል ብቻ ነበር የሚፈልጉት፤ ለራሳቸው ሌላ ነገር ሲመኙ አልሰማሁም።

እኔ ስልጠና የሚባል ነገር እጠላ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው ለሻይ ዕረፍት ብሎ የሚሰበሰብበት፣ ከፊት ያለው ሲያነብ ከኋላ ያለው የሚያንቀላፋበት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ አሁንም አብዛኛውን እንደዚያ ነው የማየው። የሲስተር ክፍል ግን የገበያ ቀን ነበር የምትመስለው።

አስመሳዩ ባል እኔ ሆንኩ። አስመሳይ ሚስቴ ሙኒራ ናት፤ አንዋር መስጊድ አጠገብ ቅመም የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ አፏ እንደ ሚጥሚጣዋ የሚፋጅ ሴት። መጀመሪያ ቀን አይታኝ ለሲስተር፣ “አላህ ይዘንለትና የኔው ባል እንዲህ ዓይነት ፊት አልነበረውም። ሌላ የለም?” አለች።

“የለም ሙኒራ፤ እሱን ቻይው።”

“እሺ፤ ለጥናት ከሆነ ሰብር ነው።”

እቤት ደግሞ እውነተኛዋ ሚስቴ፣ “ለጤና ጣቢያዋ ሚስትህ የምትሰጠውን ሰዓት ለእኔ ብትሰጠኝ” ትለኛለች። በሁለት በኩል ነደደብኝ።

የመጀመሪያውን ልምምድ አበላሸሁት። ጠረጴዛ ደበደብኩ፣ ዓይኔን አፈጠጥኩ፣ “በቤቴ አዛዡ እኔ ነኝ!” ብዬ ደነፋሁ። ሲስተር አስቆሙኝ።

“ዘለቀ፣ ያን ቀን የመጣው ሰውዬ የት ሄደ?”

“ይሄው ነኝ።”

“ይሄማ የድራማ ባል ነው። እንዲህ ያለውን ነርስ ሳትሆን ፖሊስ ነው የሚያናግረው። እኔ የምፈልገው ግራ ገብቶት የሚቆጣውን ነው። ያን ቀን ግራ ገብቶህ አልነበር?”

ከዚያ በፊት ግራ ገባህ ያለኝ ሰው የለም። ባለጌ ነው የሚሉኝ። እንደገና ስንጀምር እንደዚያን ቀኑ ሆንኩ።

ሌላም ነገር ላንሳ። የምጫወተውን ሰው ታሪክ በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሸበት ካለ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ያኔ ገና እየተንገዳገድኩ ነበር። “ያንብቡልኝ፣ መነጽር ረስቼ ነው” አልኳቸው። መነጽር አድርጌ አላውቅም። ሲስተር የራሳቸውን አውልቀው አላበደሩኝም፤ አላነበቡልኝም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና መስኮቱን እያዩ ዝም አሉ። ጊዜ እንደሌላት ሳይሆን ጊዜ ሁሉ የእሷ እንደሆነ ሴት ዝም አሉ። በጣቴ እየተከተልኩ ፊደል በፊደል ጨረስኩት። ስጨርስ “ጎበዝ” እንኳ አላሉኝም። “ታዲያ ይሄ ሰውዬ ምን የሚፈራ ይመስልሃል?” አሉኝ። እንደማንኛውም አንባቢ።

ይህ ነበር ሙያቸው። መጠበቅ። ለልጆቹም፣ “መልስ ለመስጠት አትሩጡ፤ ጥያቄው ገና በር ላይ ጫማውን እያወለቀ ነው” ይሏቸው ነበር። አንዷ ወሬ ካበዛች ምንም ሳይናገሩ መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። ያቺ መነጽር ስትጠረግ የማይዘጋ አፍ አልነበረም።

የክንዱን ነገር ሳልነግራችሁ። ቆዳ ስር የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያ ማስገባት የሚለማመዱበት ከውጭ የመጣ የፕላስቲክ ክንድ ነበር፤ አንድ ብቻ። እንዳይበላሽ ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። “ማንም ያልወጋው ክንድ ማንን ያስተምራል?” አሉና አንድ ከሰዓት እኔን አስከትለው ምናለሽ ተራ ወረዱ። እዚያ አሮጌ ነገር ሁሉ አዲስ ሆኖ ይወጣል። ስፖንጅ አነሱ፤ አሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ አነሱ፤ አንድ ጫማ ሰፊ ተጠጉ።

“ምን ልሥራሎት እትዬ?”

“ክንድ።”

“የማን?”

“የሴት። ነርሶች በሚስትህ ክንድ ላይ ከመሳሳታቸው በፊት የሚሳሳቱበት።”

ሰውዬው የያዙትን ካላማዳሪያ ተቀበላቸውና ወዲያ ወርውሮ ከጀርባው ሌላ ጎተተ። “ለሚስቴ ከሆነማ ደህናውን እንውሰድ። ያ ያረጀ ነው፣ ይተረተራል።”

ስፖንጁን በላስቲኩ ጠቅልሎ እየሰፋ ለሰልጣኞቹ የሚበቃ ክንድ ሠራልን። ጎጃም በረንዳ ጋር ስንደርስ ጋሪ ገፊዎቹ በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ ክንድ በትከሻዬ ተሸክሜ ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ። ልጆቹ ክንዶቹን “ወይዘሮ ጎማ” ብለው ጠሯቸው። በክብሪት እንጨት እየተለማመዱ፣ ወይዘሮ ጎማ ሳትደማ፣ ሳትጮህ ስንቱን ስህተት ቻለች።

አሁን ሀያት። ከልምምድ ወገን ናት። አባቷም እናቷም የጨርቅ ነጋዴ፤ ሱቅ ውስጥ ነው ያደገችው። ምላሷ ጤፍ ይቆላል። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔና ሙኒራ ፊቷ ስንቀመጥ እያንዳንዱን ዘዴ እንደ ጣቃ ጨርቅ እየዘረጋች አሳየችን። ኪኒን፣ መርፌ፣ በክንድ የሚቀበር፣ በማህፀን የሚቀመጥ። እኔ በወረቀቱ እንደታዘዝኩት፣ “አይ፣ ይቅርብን” ብዬ ተነሳሁ።

መርካቶ ውስጥ ገዢ ሲነሳ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ሀያት ሳታስበው ከወንበሯ ዘላ እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘች።

“ጋሼ፣ አይሂዱብን! ሌላም አለን! ባለ ሦስት ዓመቱ ካልሆነ ባለ አምስቱን ልስጥዎት!”

ክፍሉ ፈረሰ። ሙኒራ ሆዷን ይዛ፣ “አምስቱን ተቀበላት፣ ተቀበላት እንጂ አንተ ሰውዬ! ምራቂም ጠይቃት!” አለች። ሲስተርም ከሁላችን እኩል እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ።

“ሀያትዬ፣ ጨርቅ ቢሆን ሸጠሽለት ነበር። ይሄ ግን አካል ውስጥ ነው የሚገባው። ተገፍታ ያስገባች ሴት በሳምንቱ ተመልሳ አውጡልኝ ትላለች፤ ለጎረቤቷም እንዳትነኪው ትላለች። ሰው ሲነሳ አትያዥው። ለምን እንደተነሳ ጠይቂው።”

“ከሄደስ ሲስተር?”

“ይሂድ። የተከበረ ሰው መመለሻውን ያውቃል።”

ሀያት ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን ጭኗ ስር ወሽቃ ትለማመድ ጀመር። አመል ነው፤ በአንድ ቀን አይለቅም።

የፈተናው ሳምንት ሲደርስ ሲስተር እኔንና ሙኒራን ለብቻ ጠሩን። አዲስ ታሪክ ሰጡን። “የሚጮኸውን ባል የእኔ ልጆች ለምደውታል፤ በእሱ ብፈትን ለሌላው ወገን ግፍ ነው” አሉ። አዲሱ ባል ዝምተኛ ነው። ሚስቱ ዕቃዋን ራሷ የምትሸከም ነጋዴ ናት። በሆዱ የያዘው ነገር አለ፤ ክንድ ላይ የሚቀበረው ሸክም ሲያነሱ ወደ ልብ ይሄዳል ሲሉ ሰምቷል። ይህን የሚናገረው ከተጠየቀና ለመልሱ ጊዜ ከተሰጠው ብቻ ነው። ወሬ ከበዛበት ይነሳል።

“ሲስተር፣” አልኳቸው፣ “የእኛዎቹን ልጆች መልካቸውን አውቃለሁ። ትንሽ ላግዛቸው? በሳልም ቢሆን?”

“ብታስል ጥናቴ ሞተ።”

“ክፍሉስ?”

“በውሸት የተረፈ ክፍል ይፈርሳል። ለሁሉም እኩል ክፉ ሁን፤ ይሄን ከአንተ የበለጠ የሚችል የለም።”

ይህን እንደ ሙገሳ ነው የወሰድኩት።

ፈታኟ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታያለች፤ ልጆቹ አንድ በአንድ ይገባሉ። ገሚሶቹ የተማሩትን ከላይ እስከ ታች ወረዱብኝ፤ ትምህርታቸው ልክ ነው፣ አንድም ስህተት አልሰማሁም፤ እኔ ግን ተነስቼ ወጣሁ። ሙኒራን ቀና ብለው ያላዩዋትም ነበሩ። ሌሎች ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ ሀያት ገባች።

ደንግጣለች። ስትደነግጥ ደግሞ ምላሷ ይፈታል። ሰላምታ ሳትጨርስ ጤፉን ትቆላው ጀመር። እኔ ወንበሬን ጨብጬ በልቤ “ዝም በይ፣ ዝም በይ ልጄ” እላለሁ። ሳል ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ እውነተኛ ሳል፤ ዋጥኩት። ዓይኗን ላለማየት የጫማዬን ክር አየሁ። አላቆመችም። ወረቀቱ የሚለው ግልጽ ነው። ተነሳሁ።

እጇ ወጣ። አየሁት። ጣቶቿ እጅጌዬ ጋር ደርሰው፣ አየር ላይ ቆመው፣ ተመለሱ። ሁለቱንም እጇን ጭኗ ስር ወሸቀች።

“መሄድ መብትዎ ነው ጋሼ” አለች፤ ድምጿ ቀጥኗል። “ብዙ አወራሁ። ግን ስለዚህ ነገር ሰፈር ውስጥ የሰሙት አለ?”

ከዚያ ዝም አለች። ከውጭ የሶማሌ ተራ ክላክስ ይሰማል፤ አንዱ ብረት ይቀጠቅጣል። ሀያት ከንፈሯን ነክሳ ዝም። የማውቃት ሀያት ያን ያህል ጊዜ ዝም ማለት እንደማትችል እምልላችሁ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

“ወደ ልብ ይሄዳል አሉ” አልኳት። “እሷ ደግሞ ኬሻ ታነሳለች።”

አልሳቀችብኝም። ወይዘሮ ጎማን ከጠረጴዛው አነሳችና ጣቴን ይዛ ቆዳው ስር ያለው እንጨት ላይ አኖረችው። “ይሄው፣ እዚህ ነው። ሸክም ስላነሱ ከተቀበረበት ተነስቶ ወደ ልብ አይሄድም። እትዬ ራሳቸው ቤት ሆነው ይዳስሱታል፤ ምናልባት ካጡት ወደ እኛ ይምጡ፣ እናየዋለን።” ከዚያ ወደ ሙኒራ ዞረች። “እርስዎስ እትዬ፣ የሚያሳስብዎ አለ?”

“ኧረ እኔን ብዙ ሰው ረስቶኝ ነው የዋለው!” አለች ሙኒራ። ይህ ወረቀቱ ላይ የለም። ፈታኟ እንኳ አንገቷን ደፍታ ሳቀች።

ውጤቱ ሲታወቅ ሲስተር ሁላችንንም የልምምድ ክፍሏ ውስጥ ሰበሰቡን። ኃላፊውም መጣ፤ ወጣት ሐኪም ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ጥድፊያ ያለበት ሰው ነው። ሲስተር መጀመሪያ የነገሩን የማይጠቅማቸውን ነው፤ በጽሑፍ ፈተናው ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸው። የሀያት ፊት ጠቆረ።

“ይሄን ወደ መጨረሻ ቢያደርጉት ምናለ” ብዬ አንሾካሾኩ።

“ዝም በል ዘለቀ፤ ይሄም የእኔ ውጤት ነው” አሉና ቀጠሉ። “ሰው ፊት ሲቀመጡ ግን ይለያያሉ። ያልተለማመዱት ተናገሩ፤ የተለማመዱት ጠየቁ። ልዩነቱ ሰፊ ነው።”

እልልታው ኮሪደሩን አልፎ መንገድ ወጣ። የሌክቸሮቹ ልጆች ሳይቀሩ አጨበጨቡ፤ ተራው የእነሱ ሊሆን ነዋ። ኃላፊውም አጨበጨበ፤ እጃቸውን ጨበጠ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ።

“ሲስተር፣ እጅግ ጥሩ ሥራ ነው። እንጠቀምበታለን። የክፍሉ ነገር ግን… ካርቶኑ ሁሉ ኮሪደር ላይ ነው ያለው። ለጊዜው ቁልፉን ቢያስረክቡኝ።”

እልልታው ሞተ። እኔ የማውቀውን ስድብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማውጣት አፌን ስከፍት ሲስተር ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት። እንዲሁ፣ ያለ ቃል። ከዚያ፣ “ዶክተር፣ ከመሄድዎ በፊት እዚህች ወንበር ላይ አንዴ ይቀመጡልኝ” አሉት። “ዘለቀ፣ ሙኒራ፣ ቦታችሁን ያዙ።”

ሰው እያየው እምቢ ማለት አልቻለም። ቁልፉን እንደያዘ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። እኔና ሙኒራ ፊቱ ተቀመጥን።

“እንግዲህ፣ የቤተሰብ እቅድ ዘዴዎች በአጭር ጊዜና በረጅም ጊዜ ይከፈላሉ” ብሎ ጀመረ፤ ጣራውን እያየ። እኔ ዝም አልኩ። ሙኒራ ዝም አለች። ሰልጣኞቹ ዝም አሉ። ስለ አጭሩ ጨርሶ ወደ ረጅሙ ገባ። ፊታችን ላይ የሚይዘው ነገር አጣና ትንሽ ፈጠን አለ። ከዚያ ደግሞ ቀስ አለ። ከዚያ አንዱን ዓረፍተ ነገር ጀምሮ መሀሉ ላይ ተወው። ሲስተርን አያቸው፤ ሲስተር መስኮቱን ያያሉ።

ግንባሩን ጠረገ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወንበሩን ወደ ሙኒራ አዞረ።

“ይቅርታ እትዬ። ስምዎን እንኳ አልጠየቅኩም።”

“ሙኒራ እባላለሁ።”

“እትዬ ሙኒራ፣ ምን ፈልገው መጡ?”

“ይቺን ክፍል” አለች ሙኒራ።

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ራሱ ነው። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ። አሁንም እየሳቀ ተነሳ፣ ለሲስተር ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣ ወጣ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ነበር፤ ሊወስደውም አልተመለሰም።